ተርቦ ያለው መኪና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ግቢ ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚታሰረው ራስ (ቴስታታ) መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ በራሱ ጊዜ አይቃጠልም። የሚያቃጥለው ነገር አለ። ውሃ ጎድሎ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ይሆናል፤ ማራገቢያው አልነሳ ብሎ ይሆናል፤ የራዲያተሩ ክዳን ላልቶ ይሆናል፤ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ ከተገቢው በላይ ገፍቶ ይሆናል። ያንን ነገር ሳታገኙ አዲስ ጓርኒሲዮን ብታስገቡ ገንዘባችሁን ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ብሎን መፍታትና ማሰር ማንም ይለምደዋል። ከባዱ ሥራ መለካትና ማጽዳት ነው፤ ስለዚህ ብዙ የምጽፈው ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ያለችንን መኪና አክሞ መያዝ የግድ ሆኗል። ይህ መመሪያ አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር ለተደረደሩለት ተርቦ ሞተር ነው፤ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ። ከዚህ በፊት ቢያንስ የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደውን ቀበቶ) ወይም የውሃ ፓምፕ ቀይራችሁ ከሆነ ትችሉታላችሁ። ካልሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቁም። የሞተራችሁን የጥገና መጽሐፍ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ያዙ። የብሎን ማጥበቂያ ቁጥር ከመጽሐፉ ይወሰዳል እንጂ በግምትም በሰው ወሬም አይሆንም።

መጀመሪያ እርግጠኛ ሁኑ

ምልክቶቹን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ውሃ ይጎድላል፣ የፈሰሰበት ግን አይታይም። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አይጠፋም። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይታያል። የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይወጠራል።

ተርቦ ያለው ሞተር ላይ ግን እነዚህ ምልክቶች ያሳስታሉ። ብዙ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች ወደ ሞተር የሚመለሰውን ጭስ በውሃ የሚያቀዘቅዝ ክፍል አላቸው፤ ኢጂአር ኩለር ይባላል። እሱ ውስጡ ሲሰነጠቅ ውሃ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ጓርኒሲዮኑ ግን ደህና ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ሲበሳም ዘይትና ውሃ ይቀላቀላሉ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ተርቦ ቤቱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ውሃውን በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫ ይለቀዋል። ጭሱ ወደ ሰማያዊ ካደላ የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ተርቦውን ጠርጥሩ። ጠዋት ጠዋት አጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ፣ ዘይት መሙያው ክዳን ስር ትንሽ ነጭ ነገር መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እርጥበት ነው።

የማይዋሸው ምርመራ በአየር የሚደረገው ነው። ካንዴላውን ወይም ናፍጣ ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላውን ፍቱ። ፒስተኑን ሁለቱም ቫልቮች የሚዘጉበት የላይኛው ጫፍ ላይ አድርሱት። ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ አለዚያ አየሩ ሞተሩን ያዞረዋል፣ እጅም ይቆርጣል። ከዚያ በቀዳዳው አየር ስጡት። ኮምፕሬሰር ከሌላችሁ የሰፈር ጎሚስታ ጋ አለ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንቦቀቦቀ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው አልያዘም ማለት ነው። አየሩ በአጠገቡ ካለው ሲሊንደር ከወጣ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በሁለቱ መካከል ተቃጥሏል። በጭስ ማውጫ በኩል ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ችግሩ ቫልቭ ነው።

ቦታና ዕቃ

አዲስ አበባ መሃል ከተማ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ቴስታታው ለምርመራ ስለሚወጣ መኪናዋ ለቀናት ሳትንቀሳቀስ ትቆማለች። የኮንዶሚኒየም ማቆሚያ ላይ ከሆነ ኮሚቴውንና ጥበቃውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ጣሪያ ከሌላችሁ ክረምት ላይ አትጀምሩት። በጋ ላይም አቧራ ጠላታችሁ ነው፤ ኮፈኑ ተከፍቶ በሚያድርበት ጊዜ ሁሉ ሞተሩን በንጹህ ላስቲክ ሸፍኑ። መሬቱ ኮብልስቶን ከሆነ ክሪክና ማቆሚያ እግር ስር ወፍራም ሳንቃ አንጥፉ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ፈጽሞ አትግቡ።

ከተለመደው የቁልፍና የቡሶላ ሳጥን ሌላ ሦስት ነገሮች ግድ ናቸው። አንደኛ፣ የብሎን ጥብቀት የሚለካው ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንች፣ እና የዲግሪ መለኪያ። ሁለተኛ፣ በትክክል ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ፊለር ጌጅ፤ ይኸውም ጠባብ ክፍተት የሚለካባቸው ቀጫጭን የብረት ምላሶች። ሦስተኛ፣ ለሞተራችሁ የሚሆን የታይሚንግ መቆለፊያ፣ መጽሐፉ የሚጠይቅ ከሆነ። እነዚህን መከራየት ወይም መዋስ ይቻላል። ያለ እነሱ ግን ሥራው አይጀመርም።

ዕቃ ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የሞተር ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። በአንድ ስም የሚሸጥ መኪና ሦስት ዓይነት ሞተር ሊኖረው ይችላል። ሙሉ የጓርኒሲዮን ኪት፣ አዲስ የቴስታታ ብሎኖች፣ የማኒፎልድ (ከቴስታታው ጋር የሚታሰረው የጭስና የአየር ቱቦ) እና የተርቦ ጓርኒሲዮኖች፣ ለዘይት ቱቦዎቹ አዲስ የመዳብ ሮንዴላዎች፣ ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳን፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ኩላንት። ቺንጋውና የውሃ ፓምፑ ካረጁ አሁኑኑ ቀይሯቸው፤ ጉልበቱ አንድ ነው። የቴስታታ ብሎን ላይ ግን አትቆጥቡ። ብዙዎቹ ሲጠብቁ እንዲሳቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፣ አንዴ ከተሳቡ ሁለተኛ ያንኑ ያህል አይዙም።

ናፍጣ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ገና አትግዙ። ለብዙ የናፍጣ ሞተሮች በተለያየ ውፍረት ይመጣል። ውፍረቱ የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ስንት ነጥብ ሚሊ ሜትር ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ጠርዝ ላይ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ወይም ጥርሶች የውፍረቱ ምልክት ናቸው። ብሎኩና ፒስተኖቹ ካልተነኩ በዚያው ምልክት መግዛት ይበቃል። ስለዚህ ከፈታችሁ በኋላ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

መፍታት

ሞተሩ ይደር። ትኩስ የአሉሚኒየም ቴስታታ ብሎኑ ሲፈታ ይጣመማል። በዚያው ዋዜማ የማኒፎልዱንና የተርቦውን ዳዶዎች የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ዘይት ነስንሱባቸውና ይደሩ።

ጠዋት የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ። ኩላንቱን ንጹህ ሳህን ውስጥ አፍስሱ። ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ልጅና ውሻ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ዘይቱንም አፍስሱ። ቤንዚን ከሆነ ባትሪውን ሳትነቅሉና ዘይቱንና ኩላንቱን ሳታፈሱ በፊት የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅላችሁ ሞተሩን እስኪጠፋ አስነሱት፣ ግፊቱ ይወርዳል። ኮመን ሬል (ነዳጁን በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት የሚያከፋፍል) ናፍጣ ሞተር ሲሠራ ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን የሚነካ ሰው እጁን ያጣል። ካደረ ሞተር ላይ ግን ግፊቱ ወርዶ ይጠብቃችኋል። የኤሲ ቱቦ አትፍቱ፤ ኮምፕሬሰሩን ብቻ ፈትታችሁ ከነቱቦው ወደ ጎን እሰሩት።

እያንዳንዱን ደረጃ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በየክፍሉ ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ በላዩም ጻፉ። የኢንተርኩለር (ተርቦው የገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ቱቦዎችን ስታወጡ ውስጣቸውን ተመልከቱ። ትንሽ የዘይት ላብ የተለመደ ነው፣ ተጠራቅሞ የሚፈስ ዘይት ካለ ግን የተርቦው ማኅተም ደክሟል።

አሁን ተርቦው። አራት ነገር ይይዘዋል፦ ዘይት የሚያስገባው ቀጭን ቱቦ፣ ዘይት የሚያወጣው ወፍራም ቱቦ፣ የውሃ ቱቦዎች፣ ከጭስ ማውጫው ጋር የሚያያይዙት ዳዶዎች። የተከፈተውን አፍ ሁሉ ወዲያው በንጹህ ጨርቅና በቴፕ ዝጉ። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፣ አንድ ቅንጣት አሸዋ ይበቃዋል። ዳዶው አልፈታ ካለ አትታገሉት፣ የታሰረበት ፐርኖ ይሰበራል። ብዙ መኪና ላይ ማኒፎልዱንና ተርቦውን ከቴስታታው ሳይነጥሉ አንድ ላይ ማንሳት ይቻላል። ይከብዳል፣ ለሁለት ሰው ነው፣ ግን ብዙ ፐርኖ ያድናል። እኔ ይህን መንገድ ነው የምመርጠው፤ የቀረውን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ መፍታት ይሻላል።

ቺንጋውን ወይም ሰንሰለቱን ከማውጣታችሁ በፊት አንደኛውን ፒስተን ወደ ላይኛው ጫፍ አድርሳችሁ የታይሚንግ ምልክቶቹን አስተካክሉ፣ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው፣ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የቴስታታውን ብሎኖች ከጫፎቹ ጀምራችሁ ወደ መሃል፣ በየተራ ትንሽ ትንሽ አላሉ። ቴስታታው አልነሳ ካለ በሁለቱ ፊቶች መካከል ካቻቢቴ አታስገቡ። አንድ የረሳችሁት ብሎን አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ሲነሳ እንጨት ላይ በጎኑ አስቀምጡት። በፊቱ አትድፉት፤ ክፍት የሆነ ቫልቭ ወይም ወጣ ያለ ካንዴላ ይጎዳል።

አሮጌው ጓርኒሲዮን የሚናገረው

አትጣሉት። ብርሃን ላይ አውጥታችሁ እዩት። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ያለው ቀለበት ጠቁሮ ከተበላ፣ እዚያ የብሎኖቹ መያዝ ደክሟል ወይም ፊቱ ጎብጧል። አንዱ ፒስተን ከሌሎቹ ተለይቶ ካርቦኑ ታጥቦ የሚያበራ ከሆነ፣ ውሃ ይገባበት የነበረው እሱ ነው። የውሃ መተላለፊያዎቹ ዙሪያ በዝገት ከተበሉ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ሞተር ነው፤ ራዲያተሩም አብሮ ተደፍኖ ይሆናል። ቀለበቱ ወደ ውጭ ተገፍቶ ካያችሁ የተርቦውን ግፊት የሚቆጣጠረውን ዌስትጌት መርምሩ። ሳይከፈት ቀርቶ ግፊቱ በዝቶ ሊሆን ይችላል።

ቴስታታውን የሞተር ክፍሎች በማሽን ወደሚላጉበት ሬቲፊካ ቤት ውሰዱት። ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በግፊት ይፈተሽ፣ ፊቱ ይለካ። ቅደም ተከተሉ ላይ ጽኑ። «ጋሼ፣ ከመላግዎ በፊት ይለኩልኝ፣ አብሬ ልይ» ብትሉ የሚከፋ ባለሙያ የለም። ማስመሪያው በቁመት፣ በወርድና በሁለቱም ማዕዘን ይቀመጣል፣ ከስሩ ፊለር ጌጁ ይሞከራል። ለብዙ የአሉሚኒየም ቴስታታ 0.05 ሚሊ ሜትር ምላስ ማለፍ የለበትም፤ የራሳችሁን ቁጥር ከመጽሐፉ እዩ። የተጣመመ ቴስታታ ይላጋል፣ ግን ገደብ አለው። ከተላገ የሲሊንደሩ መጭመቂያ ቦታ ይጠባል፤ ተርቦ ላይ ይህ ሞተሩ እንዲያንኳኳ ያደርጋል። አንዳንድ የናፍጣ ቴስታታ ደግሞ ጭራሽ እንዳይላግ በአምራቹ ተከልክሏል። ስንጥቅ ከተገኘና ያገለገለ ቴስታታ ለመግዛት ከወሰናችሁ፣ በግፊት ካልተፈተሸ ክፍያውን አትጨርሱ።

ብሎኩን ማጽዳት

እዚህ ላይ ቸኩሎ የተበላሸ ሥራ ብዙ ነው። ሲሊንደሮቹንና የዘይትና የውሃ ቀዳዳዎቹን በንጹህ ጨርቅ ሙሏቸው። አሮጌውን ቅሪት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ፋቁ፣ ከዚያ በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ አብሱ። በድሪል የሚዞር የአሸዋ ዲስክ አትጠቀሙ። ፊቱን ያጎደጉዳል፣ ከዲስኩ የሚረግፈው ጠንካራ ዱቄት ደግሞ ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታዎቹን ይበላል። የዛሬዎቹ ባለ ብዙ ሽፋን የብረት ጓርኒሲዮኖች ልስልስ ያለ ፊት ነው የሚፈልጉት። የብሎኩንም ፊት በማስመሪያው ለኩ። ቴስታታው ተላግቶ ብሎኩ ከጎበጠ ልፋታችሁ መና ነው።

ከዚያ የብሎን ጉድጓዶቹ። እያንዳንዱን በኮምፕሬሰር አየር ንፉ፣ መነጽር አድርጋችሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል። ያኔ ቶርክ ሬንቹ ሞልቷል ይላችኋል፣ ቴስታታው ግን አልተያዘም። ከባሰም ብሎኩ ይሰነጠቃል። በቀጭን ሽቦ ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ታች አስገቡና አውጡት። ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ።

መግጠም

እጃችሁን ታጠቡ። ፒስተኖቹን ሁሉም መሃል ላይ እንዲሆኑ ክራንክ ሻፍቱን በእጅ አዙሩ፣ ቫልቭ እንዳይነካቸው። ጓርኒሲዮኑን ከማሸጊያው አውጥታችሁ በመምሪያ ፒኖቹ ላይ አስቀምጡ። የላይኛው ፊት ምልክት አለው። የዘይት መውጫው ቀዳዳ ከብሎኩ ቀዳዳ ጋር መግጠሙን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ተገልብጦ ከገባ ቴስታታው ያለ ዘይት ይሠራል። ሲሊኮን አትቀቡ። መጽሐፉ የታይሚንግ ሽፋኑ ከብሎኩ የሚገናኝበት ነጥብ ላይ ጠብታ ካላዘዘ በስተቀር ጓርኒሲዮኑ ደረቅ ነው የሚገባው።

ቴስታታውን ለሁለት ሆናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት። ብሎኖቹ ዘይት ይነካቸው አይንካቸው መጽሐፉ ይነግራችኋል፤ ይህ የመያዝ ኃይላቸውን ይለውጠዋል። ማጥበቅ ከመሃል ይጀምራል፣ እየዞረ ወደ ጫፎቹ ይሄዳል፣ በደረጃ ነው። ለምሳሌ አንድ ሞተር መጀመሪያ 40 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ ሊል ይችላል። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ብሎኑ ራስ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። በመሃል ስልክ ቢጠራ አታንሱ።

ታይሚንጉን በምልክቶቹ መልሱ። ክራንክ ሻፍቱን በእጅ፣ በቁልፍ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ምልክቶቹ መመለሳቸውን እዩ። ድንገት ግትር ካለ በጉልበት አትግፉ፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቷል።

ተርቦውን ከመመለሳችሁ በፊት ዘንጉን በጣት ነቅንቁት። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቅ የተለመደ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሰማ ከሆነ ወይም ክንፎቹ ግድግዳውን ከነኩ ይጠገን። ዘይት የሚያስገባውን ቀጭን ቱቦ ውስጡን እዩት፤ የተቃጠለ ዘይት ደርቆ ከደፈነው አዲስ ግዙ። ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ። በዘይት መውጫው ጓርኒሲዮን ላይም ሲሊኮን የለም፣ ተርፎ ወደ ውስጥ ከገባ መውጫውን ይዘጋል። ኢንተርኩለሩን አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ውስጡ የቀረ ዘይት በናፍጣ ሞተር ላይ አደገኛ ነው፤ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ስቦ ቁልፍ ቢጠፋም ላይቆም ይችላል። የአየር ቱቦዎቹ ማሰሪያ በደንብ ይጥበቅ። እዚህ ከተማ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ተርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከቆላው የበለጠ መሽከርከር አለበት። የሚያስተነፍስ ቱቦ ሲጨመርበት ከአቅሙ በላይ ይሮጣል።

ኩላንት መሙላትና ማስነሳት

ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ሙቅ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ ክፈቱት።

ከማስነሳታችሁ በፊት ተርቦው ዘይት ያግኝ። በዘይት ማስገቢያው ቀዳዳ ንጹህ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ቱቦውን እሰሩ። ነዳጁን አቋርጣችሁ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ሞተሪኖውን በአጭር በአጭሩ አዙሩ። ከዚያ አስነሱና በሚኒሞ ተዉት። ነዳጅ አትርገጡ።

አሁን ብዙ ሰው በከንቱ የሚደነግጥበት ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ንጹህ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ቴርሞስታት የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ከፍታችሁ አየር ስታስወጡ በመክፈቻውና በመፍያው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ራዲያተሩ ቢንፈቀፈቅ ጓርኒሲዮኑ እንደገና ተቃጠለ ማለት አይደለም። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ የሲሊንደር ጋዝ ነው። ከሞቀ በኋላ የሚመጣው ፍላት ነው። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የታችኛው ቱቦ ሲሞቅ ክዳኑን ዝጉ። ከዚያ በኋላ የጋለ ሞተር ክዳን አትክፈቱ።

አዲስ ክዳን ግዙ ያልኩትም ለዚህ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን እዚህ ከፍታ ላይ እንኳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። የላላ ክዳን ግን ሞተሩን ወደዚያው 92 ዲግሪ ይመልሰዋል። ሽቅብ ላይ ይፈላል፣ ውሃ ይተፋል፣ ይጎድላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል።

ማራገቢያው ተነስቶ እስኪጠፋ ጠብቁ። የሚንጠባጠብ ካለ ፈልጉ፣ የተርቦውን ቱቦዎች በባትሪ ብርሃን እዩ። አጥፉት፣ ይደር። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ውሃውን ተመልክታችሁ የጎደለውን ጨምሩ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሜዳ ሜዳውን በዝግታ ንዱ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ጥሩ ፈተና ነው፣ ግን ውሃው ለተከታታይ ቀናት ሳይጎድል ሲቀር ብቻ። ስትመለሱም ወዲያው አታጥፉት፤ ተርቦው እንዲበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ።

ብሎኖቹን መልሶ ማጥበቅ መጽሐፉ ካላዘዘ አይደረግም። ዘይቱንና ፊልትሮውን ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቀይሩ፤ በሥራው ጊዜ የገባ ውሃና ቆሻሻ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። ያን ቀን የማኒፎልዱንና የተርቦውን ዳዶዎች በቀዝቃዛው አንድ ጊዜ ፈትሿቸው። አሮጌውን ዘይት የመንገድ ዳር ቱቦ ውስጥ አትድፉት፣ ወንዝ ነው የሚገባው። በጀሪካን አድርጋችሁ ዘይት የሚቀይሩበት ቤት አስረክቡ።